ፍሬውና የእትዬ አምሳለ ግድግዳ

ባሌ ፍሬው ሰው ቤት ሲገባ ከባለቤቶቹ በፊት ሰላም የሚለው ግድግዳውን ነው። በሁለት ጣቱ መታ መታ ያደርግና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ለቅሶ ቤት እንኳ ሄዶ አንኳኩቷል። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ሳለቅስ፣ ከኋላዬ "ይሄማ ጂፕሰም ነው" ሲል ሰምቼ ለቅሶው ሳቅ ሊሆንብኝ ነበር። ቤት ገብተን ስቆጣው ደግሞ አያፍርም። "ዓለምዬ፣ እኔን ሰው ያታልለኝ ይሆናል እንጂ ግድግዳ አያታልለኝም" ይለኛል።

አንድ ግድግዳ ግን አታለለው። ይህን እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ የሐበሻው ሰፈር ፌርፋክስ ላይ የማያውቅ ሰው የለም፤ ቅመም ሱቄ ገብቶ ኮረሪማ እየመረጠ ያላወራውም የለም። የሚያወሩት ግን ግማሹን ነው። ፍሬው መዶሻውን እስካነሳበት ድረስ ያወሩና እዚያው ላይ ይተዉታል። የቀረውን እኔ እጽፈዋለሁ። ሚስቱ ስለሆንኩ አዳላች ብትሉኝም ግድ የለኝም፤ እኔ በዚህ ሰውዬ እኮራለሁ።

ፍሬው አዲስ አበባ ሳለ ግንበኛ ነበር። ገርጂ በሉት፣ ሲኤምሲ በሉት፣ አያት በሉት፣ ፎቅ እንደ እንጉዳይ በሚፈላበት ዘመን ብሎኬት ሲደረድር ነው የኖረው። ዲቪ ደርሶን እዚህ ስንመጣ ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ መኪና ማቆም ጀመረ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው። በእረፍቱ ቀን ግን ውሃ ልኩንና ቱንቢውን ይዞ ይወጣል። ፌርፋክስ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች የስንቱን ወለል እንዳነጠፈ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ልንበላ በገባን ቁጥር ዓይኑ ከትሪው ይልቅ ወለሉ ላይ ነውና። አንድ ጊዜማ ጎንበስ ብሎ ሴራሚኩን ሲዳብስ አስተናጋጇ የጆሮዬ ሎቲ የጠፋብኝ መስሏት አብራው ጠረጴዛ ስር ገባች።

እትዬ አምሳለ ሰው ሲፈልጉ እሱን መጥራታቸው ታዲያ አይገርምም።

እትዬ አምሳለና ባላቸው ጋሼ ሀይለገብርኤል የሚኖሩት ከፌርፋክስ ወደ ደቡብ ትንሽ ነዳ እንዳሉ፣ ተዳፋት ላይ በተሠራ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። ከመንገዱ በኩል ረጅም ደረጃ ተወጥቶ ይገባል፤ ከኋላ በኩል ግን መሬቱ ዝቅ ስለሚል ምድር ቤቱ ከጓሮው ጋር እኩል ነው። ጋሼ ሀይለገብርኤል ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ነድተው፣ ጡረታ ሲወጡ በዚያ ምድር ቤት ግድግዳ ሥር አፈር ደልድለው ጤና አዳምና በሶብላ ተከሉ። ጠዋት ጠዋት የውሃ ጎማውን ይዘው ግድግዳውን ተከትለው ውሃ ያጠጣሉ። የማኅበራችን ሰው ሁሉ ጤና አዳም የሚቆርጠው ከእሳቸው ጓሮ ነበር።

ማኅበራችን የገብርኤል ማኅበር ነው፤ ጋሼ ደግሞ ሙሴያችን ናቸው። ሙሴ የማኅበሩ መሪ ነው። የተኳረፈ ያስታርቃል፣ በየወሩም ጽዋው ወደ ማን እንደሚያልፍ ይናገራል። ጽዋው የተሰጠው ሰው ተሸክሞ ቤቱ ይወስደዋል፤ የሚቀጥለው ወር ደጋሽም እሱ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሰው ከሰው የሚጠፋፋው በቀላሉ ነው፤ አንዱ ቫን ናይስ፣ አንዱ ሃውቶርን። እኛን ሰብስቦ የያዘን ያ ጽዋ ነው።

አምና ጋሼን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸውም ከጥቂት ቃል በቀር ተያዘ። ከሆስፒታል ሲወጡ ቤታቸው መግባት አልቻሉም። በዊልቸር ያን ደረጃ ማን ያወጣቸዋል? ሃውቶርን ወደሚገኝ የማገገሚያ ቤት ተወሰዱ። እትዬ አምሳለ መኪና አይነዱም፤ በየቀኑ በአውቶቡስ እየተመላለሱ በአንድ ማንኪያ ሾርባ፣ በአንድ ማንኪያ እንባ ያበሏቸዋል። ሐኪሞቹ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ ደረጃ የሌለው ክፍልና ዊልቸር የሚያስገባ ሰፊ በር ካዘጋጃችሁ ቤታቸው መመለስ ይችላሉ።

ምድር ቤቱ ተገኘ። ጎደለ የተባለው በሩ ብቻ ነበር። ያለችው በር በጎን በኩል፣ መሬቱ ከፍ ባለበት ጥግ ላይ ናት፤ ጠባብ ናት፣ በዚያ ላይ ወደ ውስጥ ደረጃ አላት። ስለዚህ ጓሮውን በሚያየው ግድግዳ ላይ ሰፊ በር መክፈት ያስፈልጋል። ፍሬው ሄዶ አየው፣ አንኳኳው፣ ፈገግ አለ። በየካቲት ማኅበር ላይ ተነሳና ጽዋው ፊት ቆመ።

"ጋሼ ሀይለገብርኤልን ለፋሲካ በሰፊ በር አስገባቸዋለሁ። ይሄ ጽዋ ይመስክርብኝ!"

እልል ተባለ። እኔም እልል ብያለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ግን ጽዋ ፊት የተነገረ ቃል ተመልሶ አይዋጥም።

ሥራው የተጀመረው በጾሙ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ነበር። የማኅበሩ ወንዶች ሁሉ መጡ፤ ታክሲ የሚነዳው፣ ኡበር የሚነዳው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው። ለአንዲት በር ማን የከተማ ፈቃድ ይጠይቃል ተባለ። ከግድግዳው ላይ ልስኑ በወደቀበት በኩል ቀይ ነገር ይታይ ነበር፤ የሸክላ ብሎኬት፣ ውስጡ ክፍት፣ ፊቱ በመስመር የተሰነተረ። ፍሬው መዳፉን አሳረፈበት።

"ይሄ የኛው ብሎኬት ነው" አለ። "እዚህ አገር ቀይ ነው፣ ልዩነቱ ይሄው ነው። ቤቱን የሚሸከመው ኮለኑ ነው፤ ያውላችሁ ጥግና ጥጉ ላይ። ብሎኬቱ ሙሌት ነው።"

አዲስ አበባ ቤት ያሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። እዚያ መጀመሪያ የኮንክሪት ምሰሶና አግዳሚ፣ ኮለንና ቢሙ፣ ይቆማል፣ ብሎኬቱ በኋላ መሀሉን ለመዝጋት ይገባል። ግድግዳ አፍርሶ በር ማውጣት፣ በሩን ዘግቶ መስኮት ማድረግ የማንም ሥራ ነው። የእትዬ አምሳለ ምድር ቤትም ማዕዘኖቹ ወፈር ወፈር ያሉ፣ በደንብ የተለሰኑ ናቸው። ፍሬው አንኳኳቸው፤ ድፍን ድምፅ ሰጡ። አገሩ ቢሆን ልክ ነበር። በቦታው ከነበሩት ወንዶች ሁሉ አንድም "ቆይ እንጂ" ያለ አልነበረም፤ ሁሉም አዲስ አበባ ያደጉ ናቸውና እንደዚያው ነበር የመሰላቸው።

ታች ግድግዳው በመዶሻ ሲፈርስ እኔና እትዬ አምሳለ ላይ ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነበርን። ሠራተኞቹ ይበሉ ብዬ የምስር ሳምቡሳ በትሪ ይዤ በኋላ በር፣ በውጪው ደረጃ ልወርድ ብል በሩ እምቢ አለኝ። ገፋሁት። በትከሻዬ ገፋሁት። ጠዋት በአንድ ጣት የከፈትኩት በር ነው። እትዬ አምሳለ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ።

"አንተ ፍሬው! የወጥ ቤቱ በር አልከፈት አለን እኮ!"

ከታች ሳቅ ተሰማ። አድማሱ የሚባለው፣ ከፍሬው ጋር የሚጎራረሰው የታክሲ ሾፌር፣ "የአሮጌ ቤት በር ሁሌም እንደዚያ ነው፣ ቅቤ ይቀቡት!" ብሎ ጮኸ። ወንዶቹ ይበልጥ ሳቁ። የፍሬውን ሳቅ ግን አልሰማሁም። የሱን ሳቅ ከመቶ ሰው መሀል እለየዋለሁ።

በፊት ለፊቱ በር ወጥቼ ዞሬ ስደርስ ፍሬው የምድር ቤቱን ጣሪያ ሽቅብ ያያል። ከአንድ ስንጥቅ ላይ አቧራ እንደ ዱቄት ይንጠባጠባል። መሮውን አነሳና ኮለን ነው ወዳለው ማዕዘን ሄደ፣ አንድ ጊዜ መታው። ወፍራሙ ልስን ወደቀ። ከሥሩ ኮንክሪት የለም፣ ብረት የለም፤ ያው ቀይ ብሎኬት፣ ያው ባዶ ሆድ።

"መዶሻ አስቀምጡ" አለ።

"ፍሬው፣ ጨረስን እኮ፣ ጥቂት ነው የቀረን፤ ከምናቆም ቶሎ ብለን..." አለ አድማሱ።

"አስቀምጥ አልኩህ! ተሳስቻለሁ። ይሄ ሙሌት አይደለም፤ ቤቱን የያዘው እሱ ራሱ ነው። የላዩ በር የተያዘው ቤቱ ስለወረደ ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ማንም እንዳይነካው።"

እኔ ይህን ሰው ካገባሁት ጀምሮ "ተሳስቻለሁ" ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ ጨው የበዛበትን ወጥ እንኳ ሠርቶ "የጨው ዓይነቱ ነው" የሚል ሰው ነው። ያን ቀን ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አፉን ሞልቶ ሁለት ጊዜ አለው። ከዚያም ለማፈር ጊዜ አልወሰደም።

"ክሪካችሁን አምጡ!"

የሾፌር ማኅበርተኛ ጥቅሙ ያኔ ገባኝ። ሁሉም ወደየመኪናው ሮጦ ክሪኩን እያወጣ መጣ። ፍሬው ሳንቃ መሬት ላይ አነጠፈ፣ ክሪኩን በሳንቃው ላይ፣ ወፍራም እንጨት በክሪኩ ላይ አቁሞ ከላይ ካለው አግዳሚ ጋር አገጣጠመ። "ከፍ እንዳታደርጉት! እንዲነካው ብቻ" እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል። ሲጨርሱ ምድር ቤቱ ጎማ ሊቀየርለት የቆመ መኪና መሰለ። አቧራው መውረዱን አቆመ። ሳምቡሳውን ማንም አልቀመሰውም።

ከዚያ ምክር ተጀመረ። አንዱ ብረት አስገብተን እንልሰነው አለ። ሌላው ቀዳዳውን ኮንክሪት እንሙላውና ይለቅ አለ፤ ማን ያያል? ፋሲካ ደርሷል፣ ቃል ተገብቷል፣ እትዬ አምሳለ እንደ ሕፃን ቀን እየቆጠሩ ነው። ፍሬው ሳንቃው ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሰማ።

"አልስኜ ጋሼን ከሥሩ አላስተኛቸውም" አለ። "የማላውቀውን ግድግዳ ነው የነካሁት። የሚያውቅ ይጠራ።"

የሚያውቅ የተባለችው ኤልያና ናት። እዚሁ ፌርፋክስ ላይ የተወለደች፣ ከሱቄ ከረሜላ እየገዛች ያደገች፣ አሁን የሕንፃ መሐንዲስ የሆነች ልጅ። ፍሬው ራሱ ደወለላት። መጣች፣ ክሪኮቹን አየች፣ አፏን ያዘች።

"ኦ ማይ ጋድ። ፍሬው፣ ይሄን አንተ ነህ ያደረግከው?"

አባቷ የሚሆነውን ሰው አንተ ስትለው ደሜ ፈላ። ፍሬው ግን ራሱን ነቀነቀ። "እኔ ነኝ። ጥፋት ነው?"

"ኖ፣ ኖ፣ ጥሩ ነው። አግሊ ነው፣ ግን ሆልድ አድርጎታል። ኦኬ፣ ሶ አሁን ዎሉን፣ ግድግዳውን እንይ። አንተ ቱንቢህን አምጣ።"

ሙሉ ቀን ዋሉበት። መጀመሪያ የእጅ መብራቷን ከግድግዳው ጋር አስተኝታ አበራችው፤ ፊት ለፊት ሲያዩት ቀጥ ያለ የሚመስለው ግድግዳ በዚያ ብርሃን መሀሉ ላይ ሆዱ ወጣ ያለ ሆኖ ታየ። ፍሬው ቱንቢውን ሲያወርድ ክሩም ይህንኑ መሰከረ። ከዚያ በትንሽ መዶሻ እያንዳንዱን ብሎኬት ቀስ ብላ መታችው። ደህናው እንደ ጥሩ ገንቦ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የታመመው የታፈነ ነው። እዚህ ላይ ፍሬው ነቃ አለ። ማንኳኳት የሱ ነገር ነውና እሷ ስትመታ እሱ ጆሮውን አስጠግቶ "ታሟል"፣ "ደህና ነው" ይላል፣ እሷ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች። ሲለያዩ ደግመው ይመታሉ። አንዳንዴ እሷ ልክ ናት፣ አንዳንዴ እሱ። በመጋጠሚያው ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስታ እንደ ሽቦ የቀጠነች ካሜራ አስገባች። ሦስታችን ስልኳ ላይ ተደፍተን አየን፤ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው።

"ኮንክሪት ብንሞላውስ?" አላት ፍሬው።

"አይሆንም። እየው፣ ቀዳዳው ወደ ጎን ነው የተኛው። ከላይ ብታፈስ አይወርድም። ደግሞ ቅርፊቱ ብሪትል ነው፣ ቶሎ ይሰበራል፤ ኧርዝኩዌክ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ..." አለችና እጇን ጨብጣ ከፈተችው።

ሦስቱ የቤቱ ጎኖች ደረቅና ቀጥ ያሉ ሆነው ተገኙ፤ ከውስጥ ብረት ባለበት ኮንክሪት ከተደገፉ ይቆያሉ አለች። የታመመው በር ልንከፍትበት የነበረው ግድግዳ ነው። ከታች ፊቱ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ይነሳል፣ ነጭ የጨው ዱቄት ወጥቶበታል፣ እርጥበት የሚለካው መሣሪያ ሲነካው ይጮኻል። ጨው የወጣበት መስመር የት ድረስ እንደሆነ ልብ ብላ አየችና ወደ ውጪ ወጣች። እኛም ተከተልናት። መስመሩ ከጋሼ ጤና አዳም መደብ ጋር እኩል ነው።

"እዚህ ጋ ውሃ የሚያጠጣ ሰው አለ? ኤቭሪ ዴይ?"

እኔ አፌን ልከፍት ስል ፍሬው ክንዴን ያዘኝ። "አሸንዳው ነው" አለ። "አሸንዳው ያፈሳል።"

ኤልያና ሽቅብ አየች። አሸንዳው በእርግጥ በአንድ በኩል ያፈስ ነበር። "አሸንዳውም አለበት" አለች፣ "ግን ይሄ የብዙ ዓመት ውሃ ነው። እኔ የምነግርህ፣ ዎሉ አንተ ባትነካውም ይወድቅ ነበር። ዊንተር ላይ፣ ወይ ኔክስት ዊንተር። ሴትየዋ ላይ ቤት ተኝታ።"

ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፣ እውነቱን ነው የምናገረው። ባሌ ነፃ ወጣ ብዬ በልቤ እልል አልኩ። ሱቅ ውስጥ ሰው ሁሉ "ፍሬው የአምሳለን ቤት አፈረሰ" እያለ ነበርና ለማን ለማን እንደምናገር እየደረደርኩ መኪና ውስጥ ገባሁ። ፍሬው ሞተሩን ሳያስነሳ ዞሮ አየኝ።

"ዓለምዬ፣ ስለ ውሃው ለማንም አትናገሪም።"

"ለምን? የስንቱን አፍ የሚያዘጋ ነገር ይዤ ለምን ዝም እላለሁ?"

"ጋሼ ጋ ይደርሳላ። ሰውየው አልጋ ላይ ነው ያሉት። ቤትዎን ያፈረሱት እርስዎ ነዎት፣ ሚስትዎ ላይ ሊወድቅ ነበር ብለን እንንገራቸው? እኔ በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ። እኔ ልሸከመው።"

ስንት ሰው ሊሰማው የሚገባ ነገር ይዤ ዝም አልኩ። ይህ ለኔ ምን ማለት እንደሆነ ሱቄን የሚያውቅ ያውቀዋል። እትዬ አምሳለ ግን የቤቱ ባለቤት ናቸውና ለእሳቸው እውነቱ ተነገራቸው። "ባለቤቴ እንዳይሰሙ" አሉ እሳቸውም።

ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ሃውቶርን ሄድን። ፍሬው በዊልቸሩ ፊት በርከክ አለ።

"ጋሼ፣ ቃሌን አጠፍኩ። ግድግዳውን ሳላውቀው ሰበርኩት፣ እንደገና መሠራት አለበት። ፋሲካን እዚሁ ነው የሚውሉት። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ጋሼ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ስንቱን ያስታረቁ ሰው አኮረፉት። ፍሬው ተነስቶ ወጣ፤ በዚያ ኮሪደር ሲሄድ አንድም ግድግዳ አላንኳኳም። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ከኀዘኑ ንዴቱ ይብስ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ፍሬው ማኅበር ይመጣል፣ ጽዋውን ግን አይነካም። ተራው ሲደርስ "እለፉኝ" ይላል። ፊቱ ቆሜ የገባሁትን ቃል ሳልፈጽም በእጄ አልይዘውም አለ። ማንም ሊያሳምነው አልቻለም።

ፈቃዱ ወጣ። ኤልያና ንድፉን ሠራች፣ ፈቃድ ያለው የመሠረት ተቋራጭ መጣ፣ የማኅበሩም ሰው እንደ አቅሙ ረዳ። ግድግዳው በአንድ ጊዜ አይፈርስም። አጠር ያለ ቁራጭ ይፈርሳል፣ ብረትና ኮንክሪት ይገባበታል፣ እስኪጠነክር ይጠበቃል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ፍሬው በእረፍቱ ቀን ሁሉ በነዚያ ሠራተኞች ሥር ገብቶ ዋለ። አሸዋ አቀረበ፣ ብረት አሰረ፣ ያልገባውን ጠየቀ። በአዲስ አበባ ስንት ሰው ያዝዝ የነበረ ግንበኛ ነው፤ "እንዲህ ያዝ" ሲሉት ይይዛል። የበሩ ላይኛ አግዳሚ በኮንክሪት ሲሞላ ግን ማንንም አላስጠጋም፣ በገዛ እጁ አስተካከለው። በየሳምንቱም ከሥራ መልስ ሃውቶርን ይሄዳል። ጋሼ ፊታቸውን ያዞራሉ። ይቀመጣል፣ የማኅበሩን ወሬ ይነግራቸዋል፣ ይመለሳል። ስንት ጊዜ "ተወው አሁን፣ ይብቃህ" እንዳልኩት! በሚቀጥለውም ሳምንት ይሄዳል።

ለታኅሣሥ ገብርኤል ጋሼ ቤታቸው ገቡ።

መኪናው በጎን በኩል ገብቶ ጓሮው ድረስ ደረሰ። የማኅበሩ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ቆሟል። ጽዋው ከነሽፋኑ አዲሱ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነው። ፍሬው ከሁሉም ኋላ፣ ከአድማሱ ጀርባ ቆመ። እትዬ አምሳለ ዊልቸሩን እየገፉ ሲያልፉ ጋሼ በግራ እጃቸው የዊልቸሩን ጎማ ያዙ። ዓይናቸው የጤና አዳሙ መደብ የነበረበት ቦታ ላይ ነው። መደቡ የለም። ጤና አዳሙና በሶብላው በማሰሮ በማሰሮ ሆኖ ከግድግዳው ርቆ ፀሐይ ላይ ተደርድሯል። ከአንዱ ማሰሮ ሥር ቀይ ነገር አለ፤ እትዬ አምሳለ ማሰሮው እንዳይንጋደድ ከፍርስራሹ ያስቀሩት ብሎኬት ነው።

"ምን?" አሉ ጋሼ ብሎኬቱን በእጃቸው እያሳዩ።

እትዬ አምሳለ ዞረው ፍሬውን አዩት። ሌላ ምን ይደረጋል፤ አንስተው ሰጧቸው። ጋሼ ብሎኬቱን በደህናው እጃቸው ያዙት፣ አውራ ጣታቸውን ፊቱ ላይ ጫን አደረጉ። ቅርፊቱ ተነስቶ ጭናቸው ላይ ረገፈ፤ ነጭ ጨውና ቀይ አፈር ነጩ ልብሳቸው ላይ ተበተነ። ያን ርጋፊ አዩ። አዲሱን ግድግዳ አዩ። ማሰሮዎቹን አዩ። ከዚያ ጥጉ ላይ የተጠቀለለውን የራሳቸውን የውሃ ጎማ።

"ውሃ" አሉ። "የኔ... ውሃ።"

ከኋላ የፍሬው ድምፅ መጣ።

"ኧረ አይደለም ጋሼ! አሸንዳው ነው። አሸንዳው ያፈስ ነበር።"

ጋሼ አንገታቸውን አዙረው ፈለጉት። ሰዉ ገለል አለላቸው። ለወራት አላይም ያሉትን ፊት ትክ ብለው አዩ፤ ደህናው የአፋቸው ጎን ወደ ላይ ሄደ።

"ውሸታም" አሉት።

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እትዬ አምሳለ አለቀሱ፤ እኔ ሁለቱንም አደረግኩ። ፍሬው መጥቶ ዊልቸሩን ከእትዬ አምሳለ እጅ ተቀበለና በዚያ ሰፊ በር አስገባቸው። ከዳርና ከዳር ምንም ሳይነካ፣ ያለ አንድ ደረጃ።

ጸሎቱ ደርሶ ከተበላ በኋላ ጽዋው ወደ ማን እንደሚያልፍ የሚነገርበት ሰዓት ሆነ። ሙሴያችን ከታመሙ ወዲህ በተራ ነበር የምንቀባበለው። አድማሱ ተራው ነበርና እጁን ሊዘረጋ ሲል ጋሼ በግራ እጃቸው የዊልቸሩን ክንድ መቱ። ቃሉን ለማውጣት ብዙ ታገሉ፤ ግንባራቸው ላበ።

"ፍሬው... ይያዝ።"

ፍሬው እጁ ባይቆሽሽም ሁለቱንም ልብሱ ላይ ጠረገ። ጎንበስ ብሎ ጽዋውን አነሳ። የኔ እልልታ እስከ ፌርፋክስ ሳይሰማ አልቀረም፤ ጎረቤቶቹ ፈረንጆች ወጥተው አይተውናል። ይዩና! ባሌ እኮ ነው፣ ምን ላድርግ?

ጽዋው አሁን እኛ ቤት መደርደሪያው ላይ ነው። የሚቀጥለው ወር ማኅበር እኛ ዘንድ ነውና ፍሬው ከሥራ በገባ ቁጥር ሳሎኑን እየዞረ ግድግዳውን ያንኳኳል። ትላንት ከመታው በኋላ ቆም ብሎ አሰበ።

"ዓለምዬ" አለኝ፣ "እስቲ አንቺም ነይና ስሚው፤ እኔ ልሳሳት እችላለሁ።"